የጌም ቤቱ ሕግና የፋሲል ጉልላት

ጎንደር ፒያሳ ላይ፣ ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት፣ ወደ አንዱ ጌም ቤት ጎራ ያለ ሰው የሚያየው ያው የለመደውን ነው። መጋረጃ የተጣለባት ጠባብ ክፍል፣ ሦስት ወይም አራት ቴሌቪዥን፣ አንዱ ጎኑ የላላ ጆይስቲክ፣ ከወንበሩ ቁጥር የሚበልጥ ልጅ። ግድግዳው ላይ ባይለጠፍም ሁሉም የሚያውቀው ሕግ አለ፦ ተሸናፊ ይነሳል። የሚነሳውም ከፍሎ ነው።

ጌም መጫወት ሰውን ፈጣሪ ያደርጋል ወይ የሚል ክርክር ሲነሳ ወላጅ ባንድ ወገን፣ ጌመሩ በሌላ ወገን ይሰለፋል። አንዱ «ልጁን ያደነዘዘው እሱ ነው» ይላል፤ ሌላው «አእምሮ ያሰላል» ይላል። ሁለቱም ጌም የሚባለውን አንድ ነገር አድርገው ይዘውታል። በእኔ እምነት መልሱ ያለው እዚያች ሕግ ውስጥ ነው። የተሳሳተ ምን ይከፍላል? የሚጫወትበትን ግብስ ያወጣለት ማነው? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ካልተመለሱ የጌሙን ስም ማወቅ ብዙም አይረዳም።

ፈጠራ የሚለው ቃል ራሱ አማርኛ ውስጥ ሁለት ፊት አለው። «የፈጠራ ሥራ» ሲባል ከቆርቆሮና ከአሮጌ ሞተር ተገጣጥሞ ለትምህርት ቤት አውደ ርእይ የሚቀርብ ማሽን ይታየናል። «የፈጠራ ወሬ» ሲባል ውሸት ነው። ተመራማሪዎች የሚለኩት ፈጠራ ከሁለቱም ጠበብ ይላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኤሊስ ፖል ቶራንስ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጡት ፈተና ለምሳሌ ያላለቀ መስመር ሰጥቶ ሥዕል አድርጉት ይላል፤ ከዚያ የሐሳቡ ብዛት፣ የዓይነቱ ልዩነት፣ እንግዳነቱና ዝርዝሩ ይቆጠራል። ሌላው የተለመደ ጥያቄ «ጡብ ለምን ለምን ይጠቅማል?» የሚል ነው። «ለቤት፣ ለአጥር፣ ለመጋዘን፣ ለሽንት ቤት» ያለ ሰው አራት ነገር ቢጠራም አንድ መንገድ ነው የሄደው፤ ሁሉም ግንባታ ነው። «ለመቀመጫ፣ ለበር ማስደገፊያ፣ ተፈጭቶ ለቀለም፣ ለሚዛን ድንጋይ» ያለው ግን አራት መንገድ ሄዷል።

በዚሁ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2011 የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 500 የሚጠጉ የ12 ዓመት ልጆችን አይተው፣ ብዙ ጌም የሚጫወቱት የተሻለ ነጥብ እንዳገኙ አስታወቁ። በሞባይል፣ በኢንተርኔትና ኮምፒውተርን ለሌላ ሥራ በመጠቀም ላይ እንዲህ ያለ ዝምድና አልታየም። ወሬው ወዲያው «ጌም ፈጣሪ ያደርጋል» ተብሎ ዞረ። ጥናቱ ያሳየው ግን ሁለቱ አብረው መገኘታቸውን ብቻ ነው። በክረምት ዣንጥላ የያዘ ሰው ስለበዛ ዝናቡን ዣንጥላ አመጣው አይባልም፤ መጀመሪያውኑ ሐሳበ ብዙ የሆነ ልጅ ጌም የሚወድ ሊሆን ይችላል።

ለእኛ ጉዳይ ቀረብ የሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሙከራ ነው። ሰዎቹ አራት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ማይንክራፍትን፣ ብሎክ እየደረደሩ የሚገነቡበትን ጌም፣ እንዳሻው ተጫወተ። ሁለተኛው ያንኑ ማይንክራፍት ያዘ፤ ግን «በተቻላችሁ መጠን ፈጠራ ተጠቀሙ» ተባለ። ሦስተኛው የመኪና እሽቅድምድም ተጫወተ፤ አራተኛው ቴሌቪዥን ተመለከተ። 40 ደቂቃ ነው የቆዩት። ከዚያ ከተሰጧቸው ሥራዎች አንዱ ከምድር ፈጽሞ በተለየ ዓለም የሚኖር ፍጡር መሣል ነበር፤ ሁለት ዓይንና ሁለት እግር ያለው ሰው መሳይ ነጥቡ ዝቅ ይላል፣ ከሰው የራቀው ከፍ ይላል። በልጦ የተገኘው እንዳሻው የተጫወተው ቡድን ነው። ፈጠራ ተጠቀሙ የተባሉት ጌሙ ያው ሆኖ ሳለ ወደ ኋላ ቀሩ። የተለወጠችው አንዲት ትእዛዝ ናት።

ይህን ይዘን ወደ ጌም ቤቱ እንመለስ። እግር ኳስ ጌም ውስጥ፣ ፔስም ይሁን ፊፋ፣ የሚሞከር ነገር ሞልቷል፦ አሰላለፉ፣ የተከላካይ መስመሩ ከፍታ፣ ማን ወደ መሐል ይገባል፣ ማን ጠርዝ ይይዛል። ነገር ግን አዲስ አሰላለፍ የሚሞክር ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጨዋታዎች መሸነፉ አይቀርም፤ እጁ ገና አልለመደውም። ተሸናፊ የሚነሳና የሚከፍል ከሆነ የመሞከሪያ ዋጋው የከሰዓቱን ገንዘብ በሙሉ ይበላል። ስለዚህ ሁሉም ፈጣን የክንፍ ተጫዋች ያለውን ቡድን ይመርጣል፤ ከተከላካይ ጀርባ ረጅም ኳስ ይጥላል፤ ይሮጣል። ልጁ አእምሮ አጥቶ አይደለም፤ ሒሳቡን አውቆ ነው። ጌም ቤት ያለው ሰው ይህን ለመለወጥ የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር ነው፦ ገበያ በማይኖርበት የጠዋት ሰዓት አንዱን ማሽን በጨዋታ ማስከፈሉን ትቶ በሰዓት ማከራየት። ሰዓቱን ሁለት ልጆች ሲካፈሉት የሚነሳ ሰው ስለሌለ መሸነፍ ዋጋው ይወድቃል፤ ያኔ እንግዳ እንግዳ አሰላለፍ ማየት ይጀመራል።

ፔስ ውስጥ ብዙ ሰው ሳይከፍተው የሚያልፈው ሌላ ክፍል አለ፤ ኤዲት የሚለው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳበትን ቡድን እዚያ ውስጥ መሥራት ይቻላል፦ መለያው፣ አርማው፣ የተጫዋቾቹ ፍጥነት፣ የምት ኃይላቸው። የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው። ደጋፊ የሆነ ልጅ ለሁሉም 95 ይሰጣል፤ ቡድኑ አውሮፓን በሙሉ 6 ለ 0 ያሸንፋል፤ በሁለተኛው ቀን ይሰለቻል። ግብ ጠባቂው በምን ይበልጣል፣ አማካዩ በየትኛው እግሩ ይደክማል ብሎ መከራከር ሲጀመር ነው ነገሩ ጣዕም የሚያመጣው። ዐፄዎቹን፣ ፋሲሎችን ማለት ነው፣ በቁጥር ማማት ቀላል ሥራ አይደለም።

እንግዲህ ጌም ቤት ውስጥ የተማሩት ከጌም ቤት ይወጣል ወይ? እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ቴትሪስን እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ላይ አሌክሲ ፓዢትኖቭ ሠራው፤ ሰባት ቅርጾች እየወደቁ 10 በ20 በሆነ ሳጥን ውስጥ ይደረደራሉ። ዓይንና አእምሮ ቅርጽን የማዞር ችሎታ የሚያዳብር ጌም ቢባል ማንም የሚጠራው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት የቴትሪስ ጎበዞችን ፈትኖ ያገኘው ግን ከሌላው ሰው የሚበልጡት የቴትሪስን ቅርጽ ወይም እሱን የሚመስል ሲያዞሩ ብቻ መሆኑን ነው። ሌላ ቅርጽ ሲሰጣቸው እንደማንኛችንም ናቸው። ችሎታው በተሠራበት ቤት ይቀራል። ስለዚህ «ፐብጂ ይጫወትና ፈጠራው ለሒሳብ ይጠቅመዋል» የሚል ተስፋ ብዙ መደገፊያ የለውም።

ጎንደር ላይ ስለ ፈጠራ ተነስቶ ቅኔ ሳይጠራ አይታለፍም፤ ከጌሙም ጋር ያለው ዝምድና ከላይ ሲታይ ከሚመስለው ይቀርባል። ጉባኤ ቃና የምትባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ናት፤ መወድስ የሚባለው ስምንት። ልኩ የታወቀ፣ ዜማው የታወቀ፣ ግእዙ ስህተት የማይታለፍበት። ተማሪው በመጀመሪያ መምህሩ የሚዘርፉትን፣ በቃል የሚያወርዱትን ቅኔ፣ ይነጥቃል፤ ሰምቶ ይይዛል ማለት ነው፤ ቀጥሎ ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፣ ያዘጋጃል፤ ቆጥሮም ለመምህሩ ይነግርና ይታረማል። አንዴ የተዘረፈች ቅኔ ለሌላ ቀን አትዞርም፤ ለነገው በዓል ሌላ መቁጠር ነው። ልብ በሉ፦ ሕጉ ጥብቅ ነው፣ ምሥጢሩን የሚመርጠው ተማሪው ነው፣ የተሳሳተ ከጉባኤው አይነሳም፣ ተመልሶ ይቆጥራል። ደግሞ ግስና አገባብ፣ የግእዙን ሰዋስው፣ ያልያዘ ምንም ልበ ብርሃን ቢሆን አይቆጥርም። ቅኔ ቤት ለዘመናት የኖረበትን ሥርዓት አንድ ጌም ሲያሟላ ነው ፈጠራን የሚነካው፦ ጥብቅ ሕግ፣ ነጻ ግብ፣ ርካሽ ስህተት፣ የሚያርም ዓይን። ብዙው የስልክ ጌም ሁለተኛው ላይ ይወድቃል፤ ብዙው ጌም ቤት ሦስተኛው ላይ።

ነገሩን ከቅርብ ለማየት አንድ ሥራ እንውሰድ፤ የዐፄ ፋሲልን ግንብ በብሎክ ጌም መገንባት።

ማይንክራፍት የሚገዛ ጌም ነው፤ ከዚህ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ሉዋንቲ የሚባል በነጻ የሚገኝ አለ፤ እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ ማይንቴስት ይባል የነበረው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይም አንድሮይድ ስልክ ላይም ይሠራል፤ አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ብዙ ሰው የሚደናቀፈው ገና በሩ ላይ ነው፦ ሲከፍተው ባዶ ይሆንበታል። ሉዋንቲ ብቻውን ሞተር ነው፤ ጨዋታው ከውስጡ ካለው የይዘት ዝርዝር ለብቻው ይወርዳል። ስለዚህ ዋይፋይ ባለበት ሁለቱንም አውርዶ፣ አንድ ዓለም ከፍቶ መሥራቱን አይቶ መሄድ ነው። ዓለሙ ሲፈጠር የመሬቱ ዓይነት «ፍላት» ይሁን፤ «ክሪኤቲቭ» ይብራ፤ «ዳሜጅ» ይጥፋ። ምስሉ ከተንቀረፈፈ የመቀነስ ምልክቷን እየደጋገሙ መጫን የእይታ ርቀቱን ያሳጥራል፤ ከመቶ በታች ሲወርድ ደካማ ማሽንም ይተነፍሳል።

ከዚያ ላፕቶፑ ይዘጋና ወደ ግቢው ይኬዳል። የፋሲል ግቢ 7 ሄክታር ያህል ነው፤ ለአንድ ቀን አንድ ግንብ ይበቃል። ወርድና ቁመቱን ለመለካት ሜትር ይዞ መዞር አያስፈልግም። መንገድ ላይ 20 ሜትር በሜትር ለክቶ፣ በለመዱት አካሄድ ተራምዶ እርምጃን መቁጠር ነው፤ 30 ከሆነ አንዱ እርምጃ 67 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ልጆች እየለኩ መሆናቸውን ሲያውቁ እርምጃቸው ይሰፋል። ሁለት ልጅ ለየብቻ ይለካ፤ ልዩነታቸው ከአሥር አንድ ከበለጠ ይድገሙት።

ከፍታው በጥላ ነው። አንድ ሜትር ዱላ ቀጥ አድርጎ ማቆም፤ ጥላው 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነና በዚያው ደቂቃ የማማው ጥላ 25.6 ሜትር ከሆነ፣ ማማው 32 ሜትር ነው። የፋሲል ግንብ ከፍታም 32 ሜትር ያህል እንደሆነ ይነገራል። በተግባር ሦስት ነገር ያሳስታል። አንደኛ፣ በእኩለ ቀን ከተለካ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላው ያጥርና ጥቂት ሳንቲ ሜትር ስህተት ብዙ ሜትር ይሆናል፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ወይም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ይሻላል። ሁለተኛ፣ የማማው ጫፍ ከውጭው ግድግዳ ገባ ብሎ ነው ያለው፤ ጥላውን ከግድግዳው እግር የለካ ሰው በዚያ ልክ አሳጥሮ ይመጣል። ሦስተኛ፣ መሬቱ ተዳፋት ነው።

ቀጥሎ መጠን መምረጥ። ጌሙ ውስጥ አንድ ብሎክ አንድ ሜትር ነው። አንድ ለአንድ ከተሠራ ማማው 32 ብሎክ ይሆናል፤ ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ ግን መስኮቱ አንድ ብሎክ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ ቅስት የሚባል ነገር አይወጣም። በሜትር ሁለት ብሎክ ቢሆን ዝርዝሩ ይመጣል፤ ዋጋው ግን አለ። 10 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሜትር ከፍታና አንድ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ በመጀመሪያው ልክ 100 ብሎክ ነው፤ በሁለተኛው 20 በ20 በ2፣ 800። እጥፍ ያደረገ ስምንት እጥፍ ይከፍላል። በሰከንድ አንድ ብሎክ ቢቀመጥ እንኳ ያቺ አንዲት ግድግዳ ከ13 ደቂቃ በላይ ትወስዳለች። አብዛኛው ሥራ ተጀምሮ የሚተወው እዚህ ሒሳብ ላይ ስላልታሰበበት ነው። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ግን አንድ ጎንና አንድ ማማ ብቻ። በዚያ ላይ ሁለት ብሎክ ስፋት ያለው መስኮት መሐል ስለሌለው ቅስቱ አያምርም፤ ሦስት አድርጎ ከላይ በደረጃ ብሎክ መዝጋት ይሻላል። ከእውነተኛው ግማሽ ሜትር ይሰፋል፤ ይሁን።

አሁን ወደ ጉልላቱ። ብሎክ ክብ አይሆንም፤ ስለዚህ ክቡ በረድፍ ይሠራል። ወርዱ 9 ብሎክ ለሆነ ክብ ረድፎቹ ከዳር እስከ ዳር 5፣ 7፣ 9፣ 9፣ 9፣ 9፣ 9፣ 7፣ 5 ናቸው። ሂሳብ ለመጻፊያ በሚሆነው ባለ ካሬ ደብተር ላይ መጀመሪያ መሣል ስህተትን ያስቀራል፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ወርዱን ጎዶሎ በማድረግ ፈንታ ሙሉ ቁጥር ወስዶ መሐሉ የጠፋበት ነው። ለግማሽ ኳስ ይህ ክብ ወለል ይሆንና በላዩ ላይ እየጠበቡ አራት ንብርብር ይወጣሉ፤ የመጨረሻው ከዳር እስከ ዳር 1፣ 3፣ 5፣ 3፣ 1 ነው።

እዚህ ድረስ ሠንጠረዥ ይዞ መሄድ ይበቃል። ሠርቶ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ሲታይ ግን ነገሩ ፋሲልን አይመስልም፤ የተደፋ ብርጭቆ ይመስላል። ለምን? የፋሲል የማዕዘን ማማዎች ጉልላት ግማሽ ኳስ አይደለም። የእንቁላል ጫፍ ነው፤ ወደ ላይ ሾጠጥ ይላል። ሠንጠረዡ አያድንም። አንዱ ልጅ ሁለተኛውን ንብርብር ይደግመዋል፤ ሌላው ጫፉ ላይ አንድ ብሎክ ይጨምራል፤ ሦስተኛው ሁሉንም አፍርሶ ወርዱን 7 ያደርጋል። በክሪኤቲቭ ማፍረስ በነጻ ነው። ጌሙ ስለ ፈጠራ የሚሰጠው ነገር ካለ የሚገኘው ከዚህ ላይ ነው፤ ዓይን «አይመስልም» ሲል እጅ ደግሞ ሌላ ሲሞክር።

ድንጋዩም ያስቸግራል። ግንቡ በኖራ የተያያዘ ቡናማ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የበርና የመስኮት ቅስቶቹ ቀላ ባለ ድንጋይ ተከበዋል። ከአንድ ዓይነት ብሎክ ብቻ የተሠራ ግድግዳ ፕላስቲክ ይመስላል። ከአሥር ስድስቱ ተራ ድንጋይ፣ ሦስቱ ቀላ ያለው የበረሃ ድንጋይ፣ አንዱ ሽበት ያወጣ ቢሆን ሕይወት ይዘራል። አደራረጉ ሥርዓት ከያዘ ግን ጥለት ይሆንና የጥበብ ጠርዝ ይመስላል፤ ሆን ብሎ ማዘበራረቅ እንዴት እንደሚያታግል የሞከረው ያውቃል።

አንድ ሰው «ይህ መቅዳት እንጂ ፈጠራ ነው ወይ?» ቢል አልጣላውም። በቅኔ ቤቱ ቋንቋ ነጠቃ ነው። ቆጠራው ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ግቢው ውስጥ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ አለ፤ ጣሪያውን ያጣ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ጨመረበት። ያንን ግንብ ሠርቶ ጣሪያ ማልበስ ማንም መልሱን ጽፎ ያላስቀመጠው ጥያቄ ነው። መምህር ወይም ታላቅ ወንድም እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቅ፦ «ፈጠራችሁን አሳዩ» አይበል። የአዮዋዎቹ ሰዎች ምን እንደሆኑ አይተናል። «ይኼኛው ጣሪያ የለውም» ብሎ ሻይ ሊጠጣ ቢወጣ ይሻላል።

አራት ልጆች አብረው ለመሥራት ኢንተርኔት አያስፈልግም። ከአንዱ ስልክ ሆትስፖት ይከፈታል፣ አንዱ ላፕቶፕ «ሆስት ሰርቨር» የሚለውን መርጦ ዓለሙን ይከፍታል፣ ሌሎቹ የእሱን የአይፒ አድራሻና ፖርት 30000 ጽፈው ይገባሉ። ካልገቡ ብዙውን ጊዜ የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው የዘጋው። መብራት ሲጠፋ ጌሙ በየጥቂት ሰከንዱ ስለሚያስቀምጥ የሚጠፋው ትንሽ ነው፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ግን ድንገት መጥፋቱ ፋይሉን የሚያበላሽበት ቀን አለ። ማታ ማታ ጌሙን ዘግቶ «ዎርልድስ» የሚለውን ፎልደር ወደ ፍላሽ መገልበጥ የሦስት ሳምንት ልፋት ያድናል። ጌሙ ክፍት ሳለ የተገለበጠ ግልባጭ ግን አይታመንም።

ስለ ሰዓቱ ረጅም ማውራት አልፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታ ዝርዝሩ አስገብቶታል፤ መለኪያው ልጁ ስንት ሰዓት ተጫወተ የሚለው አይደለም፤ መቆጣጠር ማቃቱ፣ ሌላውን ኑሮ መተዉና ይህም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ያህል መዝለቁ ነው። ሌሊት ተጫውቶ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ጣሪያም አይሠራም፣ ቅኔም አይቆጥርም።

ከመገንባት አንድ ደረጃ ከፍ የሚለው ጌሙን ራሱን መሥራት ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለው ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምትሸሽ ዶሮን ጀግና አድርጎ ኩኩሉን ሠርቷል፤ ሐሳቡ ከጓሮ የተነሳ ነው። የእኛ ጓሮ ደግሞ በጨዋታ ሕግ ሀብታም ነው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት የሰበሰቧቸው የገበጣ ዓይነቶች ከመቶ በላይ ናቸው። የድሮው ሰንጠረዥም፣ የአገራችን ቼዝ፣ ወረራ የሚባል መክፈቻ ነበረው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደ እጃቸው ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ይህን የሚያህል ሐሳብ ስልክ ውስጥ ሳይገባ መቅረቱ ያስቆጫል።

ለጀማሪ ገበጣ ይበቃል። ስክራች የሚባለው መማሪያ ከኤምአይቲ የወጣ፣ በነጻ የሚገኝና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነው፤ ከላይ ያለችውን የቋንቋ ምልክት ነክቶ አማርኛ ማድረግ ይቻላል። ሁለት ረድፍ፣ ስድስት ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር፤ በድምሩ 48። «ጉድጓድ» የሚል ዝርዝር ይፈጠርና 12 ጊዜ 4 ይገባበታል። «እጅ» እና «ቦታ» የሚሉ ሁለት ተለዋዋጮች፣ የሚቀያየር ቁጥር የሚይዙ ስሞች፣ ይጨመራሉ። ጉድጓዱ ሲነካ፦ ቦታ የዚያን ጉድጓድ ቁጥር ይይዛል፤ እጅ በዚያ ቦታ ያለውን ጠጠር ያነሳል፤ ጉድጓዱ 0 ይሆናል፤ ከዚያ እጅ ባዶ እስኪሆን ድረስ ቦታ በአንድ ይጨምራል፣ እዚያ አንድ ጠጠር ይወድቃል፣ እጅ በአንድ ይቀንሳል።

ስህተት ለመያዝ ዋናው ዘዴ የአሥራ ሁለቱን ድምር ሁልጊዜ ስክሪኑ ላይ ማሳየት ነው። መብላት ገና ካልተሠራ ድምሩ ከ48 ንቅንቅ ማለት የለበትም። 44 ከሆነ ጉድጓዱን 0 ያደረገው ትእዛዝ እጅ ከማንሳቱ በፊት ገብቷል ማለት ነው፤ ሁለቱን ማቀያየር ነው። 47 ከሆነ ነገሩ ረቀቅ ይላል። ከ12 በኋላ ወደ 1 ለመመለስ ብዙ ሰው «ቦታ ሲደመር 1» ለ12 ተካፍሎ ቀሪውን ይወስዳል። 11 ላይ ሲደርስ 12 ለ12 ተካፍሎ ቀሪው 0 ነው፤ የስክራች ዝርዝር ደግሞ ከ1 እንጂ ከ0 አይጀምርም። ጠጠሩ የሌለ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል፤ 12ኛው ጉድጓድም ምንም ሳይገባበት ይቀራል። መድኃኒቱ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፦ መጀመሪያ ቦታን ለ12 አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ፣ ከዚያ 1 መጨመር።

47ን ያየ ልጅ ግን ከማረሙ በፊት ሌላ ነገር ሊያስብ ይችላል። ጠጠር የሚውጥ ጉድጓድ ቢኖርስ? በእያንዳንዱ ዙር አንድ የሚበላ፣ ማንም የማይደርስበት፣ ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል የሚፈሩት። ያኔ «የተዋጠ» የሚል ሦስተኛ ተለዋዋጭ ይጨምራል፤ 0ኛው ቦታ ላይ ጠጠር በወደቀ ቁጥር እሱ በአንድ ያድጋል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ድምርም የተዋጠውን ጨምሮ 48 መሆኑ ይታያል።